በአንድ ሌሊት ሁለት ቤት ያደረው ሰው

«አጎቴ! ወየው አጎቴ!»

ጩኸቱ ከአጥሩ በር ሳያልፍ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ለቀቀ። አጎቴ ነው ያለችው። እንግዲያው ከውርጌሳ የምትመጣው የእህት ልጅ ናት። ስኒውን አፉ ላይ ይዞ የቆየው ፉት አለ፤ ንፍሮ ጨብጦ የቆየው ቆረጠመ። በላይነሽም ከፍራሹ ተነሥታ ለባሏ የእህት ልጅ በሚገባው ልክ ጮኸች፣ አቀፈቻት፣ አስቀመጠቻት፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

«እኔማ እሷ መስላኝ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር» አለች ብርቱካን፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ብርቱካን የአጥር ጎረቤት ናት። ድንኳኑ ከተተከለ ጀምሮ በላይነሽን ለማጽናናት ከጎኗ አልተነሣችም፤ ያጽናናቻት ግን ጥቂት ነው።

«ማን እሷ?» አለች በላይነሽ።

«ኧረ ማንም! እንዲያው ነው ያልኩት።»

በላይነሽ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች። ሌላ የምታዞርበት የለም። ባል የሞተባት ሴት ከፍራሽ አትነሣም፤ የመጣን ሰው አትመልስም፤ የተባለችውን ሁሉ ትሰማለች። ጓሮ መሄድ ቢያሰኛት እንኳ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈው ወስደው ደግፈው ይመልሷታል፤ ብታመልጥ እድሩ የሚጠየቅ ይመስል። የመርሳ ፀሐይ ደግሞ ሸራውን ከላይ ይጠብሰዋል፤ ከሥሩ ያለው ሰው እርስ በርሱ እየተነፈሰ ይበስላል።

እዚያ አገር ለቀስተኛ ማንነቱን ከበር ጀምሮ በአፉ ይናገራል። «ጋሼ» የሚል ጎረቤት ነው። «ወንድሜ» የሚል አብሮ አደግ ነው። «አባቴ» ብሎ የሚገባ ግን ሌላ ነው። ለሱ ፍራሹ ላይ ቦታ ይለቀቃል፤ ደረቱን እንዳይደቃ እጁ ይያዛል፤ መታወቂያ የሚጠይቀውም የለም። ፍርድ ቤት ዓመት የሚፈጅበትን ነገር ድንኳን በአንድ ጩኸት ይጨርሰዋል። ሰሞኑን የመርሳ ጆሮ ከወትሮው ይበልጥ የቆመው አንዲት ሴት ስለምትጠበቅ ነው። መምጣቷን ማንም አልተጠራጠረም። ያልታወቀው ምን ብላ እያለቀሰች እንደምትገባ ነው።

ሟቹ ሞላ የውሃ አባት ነበር። ከወንዙ የሚጠለፈው ውሃ ወደ ማን ማሳ መቼ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሽንኩርቱንና ማንጎውን በሱ ቃል ያጠጣ ነበር። ለውሃ ተራ ብለው ዶማ የተማዘዙ ወንድማማቾች እሱ ሲመጣ ዶማቸውን መሬት ያስቀምጣሉ። አዳልቷል ብሎ የከሰሰው ሰው አልተሰማም። ለራሱ ማሳ ሁልጊዜ የሌሊቱን ተራ ነበር የሚይዘው። ቦይ ዳር ማደር ማንም ስለማይወድ፣ አገሩ ይህንንም ከደግነቱ ቆጠረለት።

ስሙ እስከዚህ ሰሞን ደህና ነበር። የነካካው ዓሪፍ ነው። ዓሪፍ በታሪክ ተመርቆ፣ ሥራ ሲያጣ ታሪክን ራሱን ሥራ ያደረገ የሰፈሩ ልጅ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ማኅበር መሠረተ፤ ማኅበሩ የቴሌግራም ቻናል ከፈተ፤ ቻናሉ የሚለጠፍበት ነገር ባጣ ጊዜ ከአንድ የፈረሰ መጋዘን ውስጥ የሰባ ስድስቱ የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ተገኙ። በጦርነቱ በር እንኳ ተነቅሎ ሲሄድ እነሱን የነካቸው አልነበረም። ዓሪፍና ጓደኞቹ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሥተው ለጠፉት።

መጀመሪያ ሰው ደስ አለው። «እናቴን አገኘኋት!» እያለ ስልኩን የሚስም ነበር። አንድም ፎቶ ያልተዉ ሙታን ቢያንስ ስማቸውና ዕድሜያቸው ተገኘ። ነገር ግን የራስን ቤት አንብቦ ለመጨረስ አንድ ስኒ ቡና መጠጫ ጊዜ ይበቃል። ሰው ከዚያ በኋላ ወደ ጎረቤቱ ቤት ገባ። ቆጣሪዎቹ ያኔ የጠየቁትም ጥያቄ የዋህ አልነበረም፦ ዛሬ ሌሊት በዚህ ቤት ማን አደረ? ለቤቱ ምኑ ነው?

ሞላ፣ መርሳ፣ በላይነሽ ቤት፣ አባወራ ተብሎ ተቆጥሯል። ያው ሞላ፣ ከነአባቱና ከነአያቱ ስም፣ በዚያው ሌሊት፣ እዚያው ቅርብ ባለችው በግራና፣ ዘሀራ በምትባል ሴት ቤት፣ ባል ተብሎ ተቆጥሯል። ከሱ ሥር፦ ቶይባ፣ ልጅ፣ አንድ ዓመት።

አገሩ ይህን ባገኘ በሳምንቱ ሞላ አልጋው ላይ ሞተ። ስልክ የሚነካ ሰው ስላልነበረ ሳያየው ነው የሞተው። በድንኳኑ ውስጥ ግን ወጣቶቹ ስልካቸውን ጉልበታቸው መሐል ደብቀው ገጹን ያሰፉታል፣ ያጠቡታል፤ «ሁለት ቤት አድሮ ጠዋት ሥራ መግባት! የድሮ ሰው ጉልበት ነበረው» ይላሉ፤ ሽማግሌ ሲያያቸው «ነፍስ ይማር» ይላሉ።

*

እኩለ ቀን ላይ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ወርቁ ዓሪፍን በክንዱ ይዞ አስገባው። ወርቁ የበላይነሽ አንድ ልጅ ነው። ወልድያ በአንድ ቢሮ የቡድን መሪ ስለሆነ ሐዘኑንም እንደ ስብሰባ ነው የሚመራው።

«እማ፣ ይኸው አመጣሁት። ጉዳዩን ዛሬ መልክ እናስይዘዋለን።»

ዓሪፍ ጎንበስ ብሎ የበላይነሽን ጉልበት ሳመ። «እትዬ በላይነሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ወላሂ፣ ጋሽ ሞላን እንደ አያቴ ነበር የማያቸው።»

«አያትህ ከሆነ አውርደው!» አለ ወርቁ።

«ጋሼ ወርቁ፣ ታሪክ እኮ ነው። ታሪክ የአንድ ቤት አይደለም፣ የሕዝብ ነው። ዛሬ የናንተን ካወረድሁ ነገ ሌላው ይመጣል። በመጨረሻ ምን ይተርፋል? ነጭ ወረቀት!»

በላይነሽ ቀና ብላ አየችው። «ዓሪፍ ልጄ፣ የአያትህስ ቤት ተለጥፏል?»

ዓሪፍ ጉሮሮውን ጠረገ። «የኛ ገጽ… ምስጥ በልቶታል።»

«ምስጡም ታሪክ የተማረ ነው» አለች ብርቱካን። ተኝታለች ብለው ነበር።

«ያ ቆጣሪ» አለች በላይነሽ ቀስ ብላ፣ «ለማንም አይነገርም ብሎኝ ነበር።»

«እትዬ፣ እሱ የደርግ ጊዜ ቃል ነው። ስንት መንግሥት አለፈበት! ሰዎቹም አብዛኞቹ የሉም።»

«እኔ አለሁ።»

ዓሪፍ ክፉ ልጅ አይደለም። ሰው በሕይወት እያለ ታሪክ ሊሆን እንደሚችል ያስተማረው ስላልነበረ ነው። ስልኩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ማኅበሩ ደንብ አለው» አለ በመጨረሻ። «በሕይወት ያለ የቤቱ ሰው ‹ይህ ተሳስቶ ነው የተጻፈው› ብሎ በድምፁ ከመሰከረ ገጹን እናወርዳለን። በምስክር ተስተካክሏል ብለን እንጽፋለን።»

ወርቁ እጁን አጨበጨበ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው እጁን ኪሱ ከተተ። «ምስክሯ ይቺውና! ነገ ሰልስት ነው። ካህኑም፣ እድሩም፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ‹ሞላ በዚያ ሌሊት እዚህ ቤት ነው ያደረው› ትላለች። አንድ ዓረፍተ ነገር። አንተ ትቀዳለህ። አለቀ።»

«ሰው ፊት ለምን?» አለች በላይነሽ።

«ያነበበው ሰው ነዋ፣ እማ! ቢሮ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ‹ወርቁ፣ አንድ ልጅ ነኝ ትል አልነበር?› እያሉ ይስቃሉ። አባቴ ገና አፈሩ ሳይደርቅ!» ዓይኑ እንባ አቀረረ። በላይነሽ ልጇ ከቀብሩ ወዲህ የእውነቱን ሲያለቅስ ያየችው አሁን ነው።

«የዚያኛው ቤት ሰውስ?»

«የቷ? ዘሀራ የሚሏት በጦርነቱ ጊዜ ደሴ ተፈናቅላ እዚያው ሞታለች። ልጅቷ ያኔ ጡት ላይ ነበረች። እሷ ምን ትመሰክራለች?»

ሁለቱ ወጥተው ሲሄዱ ብርቱካን ጠጋ አለች። «እትዬ፣ ይበሉና ይገላገሉ። ቀላል ነገር እኮ ነው።»

ቀላል አልነበረም። ወርቁ የዘሀራን ቅጽ ብቻ ነበር የሚያየው። የገዛ ቤቱን ቅጽ ልብ ብሎ አላነበበውም። ልብ ያለ ሰው አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም፦ ሰውዬው ግራና ካደረ፣ መርሳ ላይ አድሯል ያለው ማነው?

*

በሰባ ስድስት ቆጣሪው የመጣው ከብት ሳይወጣ ነበር። ተማሪ ነው፤ ፊቱ ላይ ጢም ገና አላረፈበትም፤ ጫማው በአቧራ ነጭ ሆኗል። በላይነሽ ወርቁን እያጠባች ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ዝናብ የጠፋበት ዓመት ስለነበር ወንዙ ክር አክሎ፣ የውሃ ተራ ከምንጊዜውም የከበደበት ወቅት ነው።

«ሌሊቱን በዚህ ቤት ያደረ ሁሉ ይነገረኝ» አለ ልጁ። ስሟን ጻፈ። የሕፃኑን ጻፈ። «ባለቤትዎስ?»

መደቡ ላይ የሞላ ቦታ እንደተነጠፈ ነው፤ ማንም አልተጋደመበትም።

«እዚሁ ነው ያደረ» አለች። «አሁን ውሃ ሊያይ ወጣ።»

ልጁ ጻፈ። «አይዞዎት፣ ለማንም አይነገርም። ለቁጥር ነው» አለና ሄደ። መልሳ ልትጠራው ምንም አልቀራት። ባሏ የት እንዳደረ ፊት ለፊት የጠየቃት ሰው፣ ያኔም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ እሱ ብቻ ነው።

ታውቅ ነበር። ቦይ ዳር ያደረ ሰው ጭቃ ይዞ ይመጣል፤ በጥፍሩ ሥር፣ በተረከዙ ንቃቃት ውስጥ። ሞላ ከሌሊት ተራው ሲመለስ አንዳንድ ጠዋት እግሩ ታጥቦ ቅቤ ተቀብቶ ነበር የሚመጣው። ያን ጠዋትም እንደዚያ መጣ። በላይነሽ ውሃ አሞቀች። የታጠበውን እግር ወደ ገበቴው አስገብታ እንደገና አጠበችው፤ ጣት በጣት፣ ምንም ቆሻሻ የሌለበትን። እሱም እግሩን ሰጥቷት ግድግዳ ግድግዳ እያየ ቆየ። ስለ ዘሀራ የተነጋገሩት ይህንኑ ነው።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ጠጉሩ ከሸበተ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት «በላይነሽ፣ አንዲት ነገር…» ብሎ ጀመረ። እሷ ብድግ አለች። «ዶሮዎቹ በርበሬው ላይ ወጡ!» ብላ ወደ ጓሮ ሮጠች። በርበሬ አልተሰጣም ነበር። ስትመለስ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራ።

አገሩም ያውቃል። እሷም እንደሚያውቁ ታውቃለች። ቀብር ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ማኅበር ላይ ከሞላ ጎን የምትቀመጠው እሷ ናት፤ ዓይን ዓይኗን የሚያያት ሰው የለም፤ ይህ የአገሩ ጨዋነት ነው። ሁሉም እያወቀ ማንም ያልተናገረው ነገር ሰው ይኖርበታል። ጣሪያ አለው፤ ዝናብ አያስገባም። እሷ እዚያ ውስጥ ልጅ አሳድጋ ሽማግሌ ጦራለች። ዓሪፍ መጥቶ ቆርቆሮውን ገለጠው፤ ከዚያ ወዲህ አላፊ አግዳሚው ቀና እያለ ምን እንደምትሠራ ያያል።

ቶይባንም ታውቃታለች። ገበያ ዳር ማንጎ የምትሸጠው ናት። ግንባሯ የሞላ ነው፤ ሰው ሲያናግራት አንገቷን ወደ ግራ የምትሰብረውም የሱ ነው። በላይነሽ ማንጎ ብዙ አትወድም። ሆኖም ገበያ በወጣች ቁጥር ከሷ ገዝታ ትመለሳለች። ቶይባ «እትዬ፣ ያ ይቆይዎት፣ ከዚህ ልምረጥልዎት» እያለች የበሰለውን እየደባበሰች ትሰጣታለች። ሞላ ቤት ገብቶ ማንጎውን ሲያይ ቢላዋ ያመጣና ዝም ብሎ ይልጣል።

*

ወደ ማታ አብዱሰመድ መጣ። በግራና በኩል ያለውን ውሃ ከሞላ ጋር ያካፍል የነበረ ሽማግሌ ነው። ወንዶቹ በዚያ ጥግ ሐዲዱ ተዘርግቶ ስላልመጣው ስለ ሐራው ባቡር ይከራከራሉ፤ አንዱ ይመጣል ይላል፣ ሌላው «እኛ አርጅተን ሐዲዱ ልጃገረድ እንደሆነ ቀረ» ይላል። አብዱሰመድ ከዘራውን አጋድሞ ከበላይነሽ አጠገብ ተቀመጠ።

«አብሽሪ፣ በላይነሽ። አላህ ሰብሩን ይስጥሽ።»

«አሜን፣ ጋሽ አብዱሰመድ። ጤናዎት እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።» ወደ ብርቱካን ዞረ። «ልጄ፣ ውሃ ጠማኝ።»

ብርቱካን የፕላስቲክ ውሃ አነሣች።

«እሱ ይሞቃል። ከቤት፣ ከእንስራው ቢሆን።»

ብርቱካን ልቧ ድንኳኑ ውስጥ ቀርቶ እግሯ ሄደ።

«ቶይባ ላከችኝ» አለ አብዱሰመድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ እመጣለሁ አለች። አንድ ነገር ጠይቅልኝ አለች።»

«ምን?»

«‹ምን ብዬ ልግባ?› አለች።»

በላይነሽ ብርቱካን ወደሄደችበት ዞር ብላ አየች።

«‹ጋሼ በይ ካሉኝ ጋሼ እላለሁ። አትምጪ ካሉኝም መንገዱ ላይ ቆሜ አልቅሼ እመለሳለሁ። አባቴ የምለው ግን እሳቸው ከፈቀዱ ነው› ነው ያለችው።»

«በሕይወት እያለስ ምን ትለው ነበር?»

«ቤት ውስጥ አባ። ውጭ ጋሽ ሞላ።» ሽማግሌው የከዘራውን ጫፍ ደባበሰ። «ያን ወረቀት ስልኳ ላይ አስቀምጣዋለች። ‹ስሜ ከሱ ስም ሥር ያለበት ቦታ እሱ ብቻ ነው› ትላለች። ወርቁ ነገ በምስክር አስወርደዋለሁ ማለቱን ሰምታለች። ምን አለች መሰለሽ? ‹እሳቸው ካሉ እኔ አልከራከርም።›»

ይህ ከሁሉ ይበልጥ አናደዳት። ልጅቷ ብትሰድባት፣ ካድሬ ብታመጣ፣ ጠበቃ ብትገዛ መልስ ነበራት። እንዲህ አንገቷን ሰጥታ ቢላዋውን እሷ እጅ ላይ ስታስቀምጥ ግን ምን ይባላል?

«ለምን እንግዳ ነኝ አላለውም?» አለች በላይነሽ በድንገት። «ለቆጣሪው። እንግዳ ቢል ይጽፈው ነበር። መንገደኛ ነኝ፣ መሽቶብኝ ነው ቢል…»

አብዱሰመድ ማንን እንደምትል አልጠየቀም። «ያኔ እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹እንግዳ ልል አፌን ስከፍት ልጅቱ ጉልበቴ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች፤ አቃተኝ› አለኝ። ደሞም ‹ወረቀቱ አዲስ አበባ ነው የሚሄድ፤ ማን ያነበዋል› አለ።»

በላይነሽ ሳቅ መጣባት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ደፈነች። ድንኳኑ እያለቀሰች መስሎት «አይዞሽ» አለ። ሞላ እውነቱን የነገረው ለአንድ ወረቀት ነው። እሷም የዋሸችው ለዚያው ወረቀት ነው። ባልና ሚስት በአንድ ጠዋት፣ ለየብቻቸው፣ ማንም አያየውም ብለው መንግሥትን አመኑ። በዚህች አገር እንዲህ የተሞኘ ሌላ ባልና ሚስት መኖሩን እንጃ።

«ምን ልበላት?» አለ አብዱሰመድ።

ብርቱካን ውሃውን ግማሽ መንገድ ላይ እያፈሰሰች ደረሰች። «ምን አላችሁ? አልጠጡም እንዴ ጋሼ?»

አብዱሰመድ ውሃውን ተቀብሎ እስኪያልቅ ጠጣ። ሳይጠማው አልቀረም። መልስ ሳያገኝ ተነሥቶ ሄደ።

*

በሰልስቱ ድንኳኑ ሞልቶ ወንበር ተበደሩ። ቀብር ላይ የነበረው ሁሉ ተመልሶ መጥቷል። ቀብር ላይ ያልነበረውም፣ ከሲሪንቃም ከወልድያም፣ «መንገድ ዘግቶብኝ ነው» እያለ ደርሷል። ለሞላ እንዲህ ያለ ፍቅር ነበረን ብለው ራሳቸውም የተገረሙ ይመስላሉ። ብርቱካን ከጠዋት ጀምሮ ቦታዋን ይዛለች። አብዱሰመድ ከመግቢያው አጠገብ ተቀምጦ ወደ ደጅ ያያል።

ወርቁ ከእናቱ ግራ ተቀምጧል፤ ትከሻው ትከሻዋን ነክቷል። «እማ፣ አስታወስሽው? አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ‹በዚያ ሌሊት እዚህ ቤት ነው ያደረው።› አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

ከፊቷ ዓሪፍ ስልኩን ደረቱ ላይ ይዟል። ከቀኟ ብርቱካን። ከኋላዋ የተወጠረው ሸራ። እውነቱን ብትናገር ዕድሜ ልኳን ያወቀችውንና የዋጠችውን ሰው ፊት መትፋት ነው። የተባለችውን ብትል ደግሞ ከዚህ ድንኳን ውጭ ያለች አንዲት ሴት አባቷን ሁለተኛ ልትቀብረው ነው። ዝም ብትል ወርቁ አለ፤ ዝምታዋን ራሱ ይሞላዋል።

ካህኑ ጸሎቱን ጨርሰው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ። ወርቁ ብድግ አለ።

«ውድ ለቀስተኞች፣ ወዳጅ ዘመዶች። በአባቴ ስም ላይ በቅርቡ የተሠራጨ የተሳሳተ መረጃ እንዳለ ይታወቃል። በዚህ ረገድ እናቴ አንድ ቃል አላት።»

ስኒ የሚያጋጭ እንኳ ጠፋ። ዓሪፍ ስልኩን በአውራ ጣቱ ነካ፤ ቀይ ነጥብ በራ። ወርቁ ተመልሶ ተቀመጠና ክርኗን ነካት።

በዚያ ዝምታ ውስጥ የአጥሩ በር ተከፈተ።

ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ጩኸት አልመጣም። የነጠላ ጫማ ድምፅ ብቻ ጠጠሩ ላይ መጣ፤ ቀረበ፤ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆመ። ቶይባ ናት። ጥቁር ሻርፕ ለብሳለች፤ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ ይዛለች። አፏ ገርበብ ብሏል፤ የሚወጣ ነገር የለም። አጠገቡ ቆማ የማታውቀውን ወርቁን አየች። ዓሪፍንና ስልኩን አየች። በመጨረሻ በላይነሽን አየቻትና አንገቷን ወደ ግራ ሰበር አደረገች።

መርሳ እንዲህ ያለ ለቀስተኛ አይቶ አያውቅም። ሳያለቅስ የገባ ሰው የት ይቀመጣል? አስተናጋጁ ወንበር አንሥቶ የዘመድ ጋ ይውሰደው የጎረቤት ጋ ግራ ገብቶት ቆመ። ብርቱካን አንገቷን እንደ ሰጎን አወጣች።

«እማ» አለ ወርቁ በጥርሱ መሐል። «በይ እንጂ። አሁን በይ።»

ዓሪፍ ስልኩን ጠጋ አደረገ።

በላይነሽ ደረቷን ሞልታ አየር ሳበች። ሰው ሁሉ አብሯት ሳበ።

«ወርቁ» አለች፣ «ጠጋ በል።»

«ምን?»

በዳሌዋ ገፋ አደረገችው። የቡድን መሪው ፍራሹ ላይ ወደ ዳር ተንሸራተተ። በሷና በሱ መሐል አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ተገኘ። እዚያ ቦታ ላይ እጇን አሳረፈችና አነሣችው።

ቶይባ በሰዉ ጉልበት መሐል እየተደነቃቀፈች መጣች። ተንበርክካ ልትሳለም ነበር፤ በላይነሽ ክንዷን ይዛ ቦታው ላይ አስቀመጠቻት። ያኔ ነው ልጅቷ ራሷን መያዝ ያቃታት። ፊቷን የበላይነሽ ጭን ላይ ደፋች፤ ጀርባዋ ይነሣል፣ ይወድቃል። ወርቁ ከጉልበቱ አጠገብ ያለውን የማያውቀውን ጀርባ እያየ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ዓሪፍ ቀዩን ነጥብ አጠፋና ስልኩን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። አብዱሰመድ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ።

ከዚያ ልጅቷ፣ አፏ ጨርቅ ውስጥ እንደተቀበረ፣ አንድ ቃል አወጣች። አጭር ናት፤ የቤት ውስጥ ቃል። በላይነሽ በጆሮዋ ከሰማችው ይልቅ ጭኗ ላይ በትንፋሹ ሙቀት ነው ያወቀችው።

«ምን አለች?» ብርቱካን በጉልበቷ ተነሣች። «እትዬ፣ ምን ብላ ነው ያለቀሰች? እናንተዬ፣ የሰማ አለ?»

የሰማ የለም። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ከኋላ ያሉት ጠጋ አሉ።

ቶይባ ቃሏን ልትደግመው ነው፤ አሁን ጮክ ብላ ነው፤ ትከሻዋ ተሰብስቧል። በላይነሽ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የደረበችውን የሞላን ጋቢ ከትከሻዋ አወረደችና የልጅቷ ራስ ላይ ጎተተችው፤ ዙሪያውን፣ ድምፅ የሚያሾልክ ቀዳዳ እንዳይኖረው፣ በእጇ እየዳሰሰች ከፍራሹ ሥር ወሸቀችው።